ስለ ጎረቤት ውሻ ምን አገባን?



‹‹ውሻ ምን አገባት ከእርሻ›› ይላል ያገራችን ሰው፣ ማንም ከድርሻው አልፎ ሰው ነገር ውስጥ እንዳይገባ ሲፈልግ። እኛ ዛሬ ተረቱን ገልብጠን አንድ ጥያቄ ልናነሳ ነው፦ ሰውስ ምን አገባው ከጎረቤት ውሻ? አጥር ማዶ ታስሮ የሚውለው፣ የጎድን አጥንቱ የሚቆጠረው፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያላዝነው ውሻ የባለቤቱ ንብረት ነው። ንብረቱን እንዴት እንደሚይዝ ደግሞ እሱ ያውቃል። ታዲያ እኛ ምን ቤት ነን?

መልሳችንን ከወዲሁ ተናግረን እንረፍ፦ ያገባናል። ባለቤቱ ተነግሮት ካልሰማ ደግሞ ለሚመለከተው አካል ማመልከት ይገባናል። ይህን ስንል ግን ነገሩ ቀላል ነው ማለታችን አይደለም። በዚህች ከተማ ጎረቤትን ‹‹ማመልከት›› የሚባለው ነገር ከጀርባው ምን ዓይነት ታሪክ እንዳለ እናውቃለን፤ ወደዚያም እንመጣለን። በቅድሚያ ግን እስቲ ውሾቹን እንያቸው።

በደል የቱ ነው?

ቁስቋም የእንጦጦ ግርጌ ሰፈር ናት። ሲመሽ ጅብ ከጫካው ቁልቁል ይወርዳል። ስለዚህ እዚህ ሰፈር ውሻ ማሳደግ ቅንጦት አይደለም፤ ውሻ የሚያዘው ለሌባና ለጅብ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል። ቀለቡ የቤቱ ትራፊ ነው፤ ያደረ እንጀራ፣ ከልኳንዳ ቤት የመጣ አጥንት፣ በጾም ደግሞ ሽሮ የነካው ፍርፋሪ። (ውሾቻችን ሳይወዱ በግዳቸው ሁዳዴን ይጾማሉ ብለን እንቀልዳለን።) ይህ በራሱ በደል አይደለም። በትራፊ አድጎ ወፍሮና ተደስቶ የሚኖር ውሻ በየግቢው ሞልቷል። ስለ በደል ስናወራ የፈረንጅ አገር የውሻ አልጋና የውሻ ኬክ ናፍቆን እንዳይመስላችሁ!

በደል ሌላ ነው። በደል ማለት ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ሰንሰለት ታስሮ፣ እዚያው በልቶ እዚያው የሚጸዳዳ ውሻ ነው። የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ የሚጠለልበት አንዲት ቆርቆሮ የሌለው፣ በበጋ ደግሞ የውሃ ዕቃው ደርቆ አቧራ የጠጣ ውሻ ነው። ቡችላ ሳለ የታሰረለት ገመድ ሳይላላለት አድጎ አንገቱን እየበላ የገባበት፣ እከክ ጀርባውን የላጠው፣ ሐኪም ዓይቶት የማያውቅ ውሻ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት የእንስሳት ደኅንነት ሕግ የባለቤትን ግዴታ በአምስት ነገሮች ጠቅልለውታል፦ ተስማሚ መኖሪያ፣ ተስማሚ ምግብ፣ የተፈጥሮ ጠባዩን የሚገልጽበት ዕድል፣ ብቻውን ወይም ከሌሎች ጋር እንደ ባሕርዩ መኖር፣ ከሕመምና ከስቃይ መጠበቅ። አምስቱም ሀብት የሚጠይቁ አይደሉም። አያቶቻችን ገጠር ውስጥ ላሳደጓቸው ውሾች አብዛኛውን ያለ ሕግ ያደርጉት ነበር። ልዩነቱ፣ ያ ውሻ ሜዳ ነበረው፤ የከተማው ውሻ ያለው ሰንሰለት ነው።

ዕጣ ያልወጣለት

በሰፈራችን ያየነውን እናጫውታችሁ። የአንድ ግቢ ባለቤቶች ኮንዶሚኒየም ደረሳቸውና ቤታቸውን አከራይተው ሄዱ። ለውሻው ግን ዕጣ አልወጣለትም። (አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ ምን ይጠብቃል?) ተከራዮቹ ‹‹ውሻው የእኛ አይደለም›› አሉ። ባለቤትየው ‹‹ለዘበኛው የቀለቡን እልካለሁ›› አሉ። ዘበኛው ደግሞ የራሱ ደመወዝ ከቆመ ሁለት ወር አልፎት ነበር። እንግዲህ ሦስት ሰው እንዳይራብ የሚጠብቀው ውሻ በሦስቱ መካከል ተራበ።

ከአጥሩ ወዲህ የሚኖሩ አንዲት እናት ናቸው ነገሩን ያነሱት። መጀመሪያ ተከራዮቹን ቡና ጠርተው አናገሯቸው። ከዚያ ለባለቤትየው ደወሉ። ሰላምታው እንደ ወጉ ረጅም ነበር፤ የልጆቹ ጤና ተጠየቀ፣ የአዲሱ ሰፈር ውሃና መብራት ተጠየቀ። ከዚያ በኋላ ነው ‹‹ጋሼ፣ ውሻዎ ከስቷል። በዓይኔ አይቼ ነው የምነግርዎ። ወይ ይውሰዱት፣ ወይ ለሚያበላው ሰው ይስጡት›› ያሉት። ሰውየው ተቆጡ፤ ‹‹ለእኔ ውሻ ከእኔ በላይ አዛኝ ሊሆኑ ነው?›› አሉ። እሳቸውም ‹‹አይደለም፤ ግን ሌሊት ጩኸቱን የምሰማው እኔ ነኝ›› ብለው መለሱ።

ሁለት ሳምንት ጠበቁ። ለውጥ የለም። የልጅ ልጃቸው ደብዳቤ ጻፈችላቸው፤ መቼ ምን እንዳዩ ተዘረዘረ፣ ከታች ስማቸው ሰፈረ፣ ፈረሙበት። ቅጂውን ለባለቤትየው ላኩና ዋናውን ይዘው ወደ አንድ ቢሮ ሄዱ። ጉዳዩን የተቀበላቸው ሠራተኛ አንብቦ ሲያበቃ የጠየቃቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

‹‹እማማ፣ ሰው ነክሷል?››

‹‹የለም፣ አልነከሰም።››

‹‹እንግዲያው ሲነክስ ይምጡ።››

ቢሮው ባይሰማም ደብዳቤው ግን ሥራውን ሠራ። ባለቤትየው ቅጂው እንደደረሳቸው በሳምንቱ የወንድማቸውን ልጅ ላኩ። የዘበኛው ውዝፍ ደመወዝ ተከፈለ፤ ሰንሰለቱ በረዥም ሽቦ ላይ እንዲንሸራተት ተደረገ፤ የእንስሳት ሐኪም መጥቶ ከተበው። ውሻው ዛሬም የሚያምር ውሻ አይደለም። ግን ጎኑ ሞልቷል። ጎረቤቶቹም አልተኳረፉም ማለት አንችልም፤ ለጥቂት ወራት ሰላምታቸው ቀዝቅዞ ነበር። ሰላምታ ሲቀዘቅዝ ይሞቃል፤ የሞተ ውሻ ግን አይነሳም።

ለምን ዝም እንላለን?

የእኚህን እናት መንገድ የሚሄድ ሰው ጥቂት ነው። ምክንያቶቹም ተራ አይደሉም።

አንደኛው ቋንቋችን ውስጥ ያለ ነው። ያለ ፍትሕ በከንቱ ለቀረ ሰው ‹‹ደመ ከልብ ሆነ›› እንላለን። የውሻ ደም ጠያቂ የሌለው ደም ነው ማለት ነው። ስድባችንም ከዚያው ይቀዳል። በዚህ ዓይነት ቋንቋ ያደግን ልጆች ‹‹ውሻ ተበድሏል›› ብለን ቢሮ ብንሄድ ቀድመን የምንስቀው እኛው ራሳችን ነን።

ሁለተኛው ከባዱ ነው። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የተወረሰበት አዋጅ ቁጥር 47 ቀበሌዎችን ሲያቋቁም፣ ሐሳቡ ሰፈርተኛው ራሱን በራሱ እንዲያስተዳድር ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ቀይ ሽብር መጣና ያው ቀበሌ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚጠቁምበት ደጅ ሆነ። በአንዲት ቃል ሰው ከቤቱ ተወስዶ አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ የመጣው መንግሥትም ‹‹አንድ ለአምስት›› ብሎ ሰውን በሰው ሲያስተሳስር ወላጆቻችን ነገሩን ያዩት በዚያው የቆየ ፍርሃት ነው። ስለዚህ እናቶቻችን ‹‹የሰው ነገር አታንሱ›› ሲሉን ግድየለሾች ሆነው አይደለም፤ ያዩትን አይተው ነው። ‹‹ጆሮ ጠቢ›› የሚለው ቃል በዚህች ከተማ ደም ያለበት ቃል ነው።

ሦስተኛው ደግሞ እንስሳ ወዳዱን ሰው ጭምር ዝም የሚያሰኝ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለብዙ ዘመን ማዘጋጃ ቤት ስለ ውሻ የሚያውቀው አንድ መፍትሔ መርዝ ነበር። ስትሪክኒን የተቀባ ሥጋ ሌሊት በየመንገዱ ይበተናል፤ ጠዋት ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ የተንጋለለ ውሻ እየዘለሉ ያልፋሉ። የሰፈር ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ትዕይንት ነው። እንዲህ ያለውን ያየ ሰው ‹‹ይህ ውሻ ተርቧል›› ብሎ ለመንግሥት ሲናገር፣ ምግብ እየጠየቀለት ይሁን ሞት እየፈረደበት እርግጠኛ አይደለም።

ጆሮ ጠቢ ስሙን አይጽፍም

እንግዲህ የእኛ ክርክር እዚህ ላይ ነው። ማመልከት ሁሉ ጆሮ ጠቢነት አይደለም። ሁለቱን የሚለዩ ሦስት ነገሮች አሉ፤ ሦስቱንም እኚያ እናት አድርገዋቸዋል።

አንድ፦ ጆሮ ጠቢ ለባለጉዳዩ ፊት ለፊት አይናገርም፤ ጎረቤት ግን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ጎረቤቱ ነው። ብዙ ጊዜ በደሉ የሚቆመው እዚሁ ላይ ነው። ሰውየው ታሞ ይሆናል፣ ሥራ አጥቶ ይሆናል፣ ውሻው ሕመምተኛ መሆኑን አላወቀ ይሆናል። ‹‹እስክትመለሱ እኛ እናብላው›› የሚል አንድ ቃል ከአሥር ክስ ይበልጣል። ‹‹ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት›› የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ቀን ነው። ራሳችሁ መናገር ከከበዳችሁ በሰፈር የሚከበሩ ሽማግሌ አሉ፤ የእድር ዳኛም አሉ።

ሁለት፦ ጆሮ ጠቢ የሰማውንና የጠረጠረውን ይናገራል፤ ጎረቤት ያየውን ብቻ ይናገራል። ‹‹ጨካኝ ሰው ነው›› አይባልም። ‹‹ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን የውሃ ዕቃው ባዶ ነበር፤ አንገቱ ላይ ቁስል አለ፤ ተፈትቶ አላየነውም›› ይባላል። ቀንና ሰዓት መጻፍ ለአቤቱታው ብቻ አይጠቅምም፤ እኛንም ከግምት ያድነናል። የከሳ ውሻ ሁሉ የተራበ አይደለም፤ አርጅቶም፣ የሆድ ትል ይዞትም ይከሳልና። ለዚህ ነው ‹‹ጥርጣሬ›› የሚለውን ቃል ማክበር ያለብን።

ሦስት፦ ጆሮ ጠቢ ስሙን አይጽፍም። ጎረቤት ይጽፋል። ስም ያለበት አቤቱታ ሐሰት ቢሆን የሚያስጠይቀው ጸሐፊውን ነው፤ ስለዚህ ሰው ሲፈርም ይጠነቀቃል። የቀይ ሽብሩ ጥቆማ ያን ያህል የረከሰው ጠቋሚው አንዳች ዋጋ የማይከፍልበት ስለነበር ነው።

ሕጉና ‹‹ሲነክስ ይምጡ››

‹‹ለመሆኑ ሕግ አለ?›› የምትሉ ትኖራላችሁ። አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በደንብ መተላለፍ ክፍሉ በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን ያስቀጣል። ችግሩ ቅጣቱ ላይ ነው፤ ያው ሕግ ለደንብ መተላለፍ በጠቅላላው ያስቀመጠው መቀጮ ከ1 ብር እስከ 300 ብር ነው። በዛሬ ገበያ 300 ብር አንድ ኪሎ ሥጋ አይገዛም። በሌላ በኩል የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ድንገት አምልጦት እንኳ ቢሆን፣ ኃላፊ ነው ይላል። ሁለቱን አንድ ላይ ስታነቧቸው ሕጋችንም እንደዚያ ቢሮ ሠራተኛ የሚነቃው ከተነከሰ በኋላ ይመስላል።

ነገር ግን ንክሻ ከሰማይ አይወርድም። እ.ኤ.አ. በ1994 በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ በሚነክሱና በማይነክሱ ውሾች ላይ የተሠራ ጥናት ግቢ ውስጥ በሰንሰለት የሚታሰሩ ውሾች ወደ ነካሾቹ ወገን የመግባት ዕድላቸው 2.8 እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። ነገሩ ጥናት የሚያስፈልገውም አይመስለንም። የተራበ ውሻ ሰንሰለቱን በጠሰ ማለት ወደ ቆሻሻ ገንዳ ይሄዳል፤ እዚያ ከባለቤት አልባ ውሾች ጋር ይነካከሳል፤ ያልተከተበ ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞ ወደ ግቢው ይመለሳል። በሽታው ምልክቱ ከታየ በኋላ ማዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። በዓለም ላይ በዓመት 59 ሺህ ያህል ሰው፣ በአገራችን ደግሞ በግምት 2,700 ሰው ይገድላል። ከሟቾቹ መካከል ብዙ ልጆች አሉ።

ጉለሌ ደግሞ ይህን ከማንም በላይ ልታውቅ ይገባታል። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን ትልቅ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ የመዘገበችው በ1895 ዓ.ም. ክረምት ነው። በኋላ የተቋቋመውና ሰፈሩን ስሙን የሰጠው ፓስተር (የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት) የሚገኘው እዚሁ ክፍለ ከተማ ውስጥ ነው። ስንቱ የሰፈራችን ሰው ነው ልጅ ሳለ ተነክሶ ለ14 ተከታታይ ቀናት ሆዱ ላይ ተወግቶ ያደገው! ከእንስሳት አንጎል ይሠራ የነበረው ያ መርፌ ሕመሙ እስከ ዛሬ ይተረካል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከውሾች 70 በመቶው ከተከተቡ የበሽታው ሰንሰለት ይበጠሳል። ታዲያ ‹‹ሲነክስ ይምጡ›› ማለት ‹‹ልጁ ከተወጋ በኋላ ይምጡ›› ማለት አይደለምን?

(እግረ መንገዳችንን፦ ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ እጠቡና ያኔውኑ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ውሻው ባለቤት ካለው አትግደሉት፤ ለ10 ቀን ታስሮ ይታያል።)

‹‹ሰው ሳይጠግብ?››

ይህን ጽሑፍ ስታነቡ ከመካከላችሁ ‹‹ሰው ጦሙን በሚያድርበት አገር ስለ ውሻ!›› የሚል እንደማይጠፋ እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም አለው። የእኛ ሰፈሩ ውሻ የተራበው ዘበኛው ስለተራበ ነው። ውሻው ላይ የታየው በደል ሰው ላይ የተጀመረ በደል ነበር። አጥር ማዶ ያለውን ውሻ ‹‹ምን ሆኖ ነው?›› ብሎ የጠየቀ ሰው ነው ያልተከፈለውን ዘበኛ ያገኘው። ርኅራኄ እንደ ራሽን የሚሸነሸን ነገር ቢሆን ኖሮ ለውሻ የሰጠነው ከሰው በጎደለ ነበር፤ ነገሩ ግን እንደዚያ አይሠራም።

ደግሞስ ይህ ከውጭ የመጣ ፋሽን ነው እንዴ? ኦሪት ዘጸአት የሚጠላህ ሰው አህያ ከጭነቱ በታች ወድቃ ብታያት አልፈሃት አትሂድ ይላል። የወዳጅህ አህያ አላለም! የእስልምና ሐዲስም ድመት አስራ፣ ሳታበላትም ሳትፈታትም በረሃብ ስለገደለች ሴት ቅጣት ይናገራል። ቁስቋም የሚለው ስም ራሱ እመቤታችን ልጇን ይዛ በግብፅ በተሰደደች ጊዜ ያረፈችበት ቦታ ስም ነው፤ በየዓመቱ ኅዳር 6 የምናከብረው የተንከራተተ ፍጡር ማረፊያ ማግኘቱን ነው። የእኛ ሰው ለእንስሳ ግድ እንደሌለው የሚነገረውም እውነት አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ሲከፈት የአካባቢው ሰው ተቃውሞ አሰምቶ አይደለም እንዴ ያዘጋው?

ዝም ማለት ምን እንደሚያመጣ ደግሞ ከቁስቋም ወደ ከተማ ሲወረድ ስድስት ኪሎ ላይ አይተናል። በኅዳር 1999 ዓ.ም. የአንበሳ ግቢ አስተዳደር ገንዘብና ቦታ ስላጣ ደቦሎችን በመርዝ እንደሚገድልና ሬሳቸውን በ170 ዶላር እንደሚሸጥ ለጋዜጠኞች በአደባባይ ተናገረ። ዓለም ጉድ አለ። ከስድስት ዓመት በኋላ የወጣ የዘረመል ጥናት የዚያ ግቢ አንበሶች ከሌሎች የአፍሪካ አንበሶች በዘር የተለዩ መሆናቸውን አሳየ። ‹‹ትርፍ›› ተብለው የተገደሉት ምትክ የሌላቸው ነበሩ። ነገሩ አንድ ቀን ቀድሞ የተነገረ ቢሆን ምን ይተርፍ እንደነበር እናንተው ገምቱ።

እንግዲህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ከወረዳ፦ ‹‹ሰው ነክሷል?›› ከማለቱ በፊት ‹‹ተከትቧል? ይበላል?›› ብሎ የሚጠይቅ፣ መርዝ ሳይሆን የእንስሳት ሐኪም የሚልክ አንድ ጠረጴዛ። ከእድሮቻችን፦ በዓመት አንድ ቀን የሰፈሩን ውሾች በጋራ የማስከተብ አጀንዳ። ለውሻ ባለቤቶች፦ ቤት ስትለቁ ውሻችሁንም ቁጠሩት። ከራሳችን፦ መጀመሪያ በር ማንኳኳት፣ ያየነውን ብቻ መናገር፣ ካልተሰማን ደግሞ ወረቀቱ ግርጌ ላይ ስማችንን ከነአባታችን መጻፍ።

ቸር እንሰንብት።